ስፒከር ልገዛ ነው፤ የትኛውን ቀረጻ ይዤ ልሂድ?

ሳሎን ብቻ (አዲስ አበባ)

ሰላም ለሁላችሁ። ለሳሎን ስፒከር ልገዛ ነው። ሁለት ምርጫ ቀርቦልኛል። አንዱ ያገለገለ ነው። መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ፣ ባለ 5 ኢንች ዉፈር (ቤዙን የሚያወጣው ክፍል)፣ ከትንሽ አምፕ (ድምፅ ማጉያ) ጋር። ሌላው አዲስ ነው። ቁመቱ ወገቤ ድረስ ይደርሳል፣ ብሉቱዝ አለው፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው።

ሱቁ ሁለቱንም እየከፈትኩ እንድሰማ ፈቅዶልኛል። ግን ሻጩ የራሱን ፍላሽ ሰክቶ ቤዝ የበዛበት የውጭ ዘፈን ከፈተ። መስታወቱ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ውጪ ምንም የገባኝ ነገር የለም።

አሁን የራሴን ዘፈኖች ይዤ መሄድ ፈልጌያለሁ። ኢንተርኔት ላይ ያሉት የመፈተሻ ዝርዝሮች ሰምቻቸው የማላውቃቸው የፈረንጅ ዘፈኖች ናቸው። እኔ የምሰማው የድሮ አማርኛ፣ መዝሙር፣ አልፎ አልፎ ኢትዮ ጃዝ ነው። በነዚህ ስፒከር መፈተሽ ይቻላል? ወይስ የቀረጻ ጥራታቸው አይበቃም?

ትዊተር የተቃጠለበት

መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚለውን ተወው። ፈተናው አለቀ። ቀጣይ ጥያቄ።

የሠርግ ሚክሰር (አዲስ አበባ)

ይቻላል እንጂ! ግን ቀድመህ ከስፒከሩ ምን ማወቅ እንደምትፈልግ ለይ። አንድ ዘፈን ሁሉን ነገር አይነግርህም። ቤዙ እስከ የት ይወርዳል? የሰው ድምፅ የሰው ድምፅ ይመስላል? ትሬብሉ (ቀጭኑ፣ የላይኛው ድምፅ) ጆሮ ይወጋል? መሣሪያዎቹ ተለይተው ይሰማሉ? ለየጥያቄው የየራሱ ቀረጻ አለው።

ሻጩ የሰካልህ ፍላሽ ለሽያጭ የተመረጠ ነው። እንደዚያ ዓይነት ሙዚቃ የትም ስፒከር ላይ ያምራል። የትም የሚያምር ዘፈን ደግሞ ስፒከር ከስፒከር አይለይልህም።

እኔ አዳራሽ ስገባ በሰው ድምፅ ነው የምጀምረው። ጆሯችን ከሁሉ ይበልጥ የሚያውቀው እሱን ነው። አጃቢው ያልበዛ፣ ድምፁ ወደ ፊት የወጣ ቀረጻ ፈልግ። አማርኛ ደግሞ ለዚህ የተመቸ ነው። ጠ፣ ጨ፣ ጸ፣ ቀ ሲነገሩ ፈንዳ ይላሉ። ሰ እና ሸ ያፏጫሉ። ደካማ ትዊተር (ስፒከሩ ውስጥ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ክፍል) ላይ ጸ እና ሰ ይቀራረባሉ። ከልክ በላይ በደመቀ ትዊተር ላይ ደግሞ ሰ በመጣ ቁጥር ፊትህን ታጨማድዳለህ። የአስቴር አወቀን የ1989 አልበም ያዝ። (እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ድምፅዋ ከታች ተነስቶ ላይ ሲወጣ ቀጭን ወይም ጯሂ መሆን የለበትም። ላይ ስትወጣም ያው አስቴር መሆን አለባት።

ሁለተኛው ቤዝ ነው። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። የቤዝ ጊታር የታችኛው ክር ሳይያዝ ሲመታ 41 ኸርዝ (በሰከንድ 41 ንዝረት) አካባቢ ነው። ባለ 5 ኢንች ዉፈር ያለው ስፒከር ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ50 ወይም ከ60 ኸርዝ በታች እየደከመ ይሄዳል። ያኔ የምትሰማው ኖታውን ራሱን ሳይሆን ከእሱ በላይ ያሉትን ሃርሞኒኮች (ከኖታው ጋር አብረው የሚወጡ ቀጫጭን ድምፆች) ነው። የቀረውን አእምሮህ ይሞላዋል። ይሄ ነውር አይደለም። ነውሩ ሌላ ነው። አንዳንድ ትልልቅ ሳጥን ስፒከር በአንድ የድምፅ ከፍታ ላይ ብቻ እንዲያጓራ ተደርጎ ይሠራል። ቤዚስቱ የትኛውንም ኖታ ይምታ፣ የምትሰማው ያንኑ አንድ «ዱም» ነው።

ስለዚህ «ቤዝ አለው ወይ?» አትበል። ቤዙ ዜማ የሚሄድበት ዘፈን ክፈትና አብረህ ለማዜም ሞክር። ኖታዎቹ እየወረዱና እየወጡ ከተሰሙህ፣ አንዱም ብቻውን ካልገነነ፣ ጥሩ ነው። የጂጂን የ2001 አልበም ያዝ። ፕሮዲውስ ያደረገው ቢል ላስዌል ራሱ ቤዝ ተጫዋች ነው። ቤዙን በእንክብካቤ ነው የያዘው። ሄርቢ ሃንኮክና ዌይን ሾርተርም አሉበት። አማርኛ ሆኖ በዚያ ደረጃ የተቀረጸ ሥራ ብዙ አይገኝም።

ሌላውን ማታ እመለስበታለሁ። ሥራ አለብኝ።

ካሴት ሰብሳቢ

«የቀረጻ ጥራታቸው አይበቃም?» ላልከው እኔ ልመልስ። ለአንዳንዱ ይበቃል፣ ለአንዳንዱ አይበቃም።

በ60ዎቹ መጨረሻና በ70ዎቹ ከተቀረጹት አብዛኞቹ ሙሉ ባንዱ አንድ ክፍል ውስጥ አብሮ እየተጫወተ፣ በጥቂት ማይክ የተያዙ ናቸው። ጥልቅ ቤዝ አትጠብቅባቸው። ጫፍ ድረስ የሚያብረቀርቅ ሲምባልም አትጠብቅ። ሚዱ (መካከለኛው ድምፅ) ግን ሕይወት አለው። ሳክሱ፣ ኦርጋኑ፣ የዘፋኙ ጉሮሮ እዚያ ነው ያለው። ማሕሙድ አህመድ ከአይቤክስ ባንድ ጋር በ1975 የሠራውን «ኧረ መላ መላ» ክፈት። የትንፋሽ መሣሪያዎቹና ማሕሙድ ሲደራረቡ ሁለቱን መለየት ትችላለህ? መጥፎ ስፒከር ላይ አንድ ጓል ይሆናሉ። ጥሩው ላይ ማሕሙድ አንድ እርምጃ ወደፊት ይቆማል።

የቴፕ ሽሽታ ስላለባቸው አትናቃቸው። ሽሽታው ራሱ መፈተሻ ነው። ዘፈኑ ሳይጀምር ያለችውን ጥቂት ሰከንድ ሁለቱም ስፒከሮች ላይ አወዳድር። አንዱ ላይ ለስላሳ «ሽሽሽ»፣ ሌላው ላይ «ጽጽጽ» ካለ፣ ሁለተኛው ላይኛውን ክፍል አጋኗል ማለት ነው። ይሄን ለማወቅ ሙዚቃ እንኳ አያስፈልግህም።

ግን አደራ፣ ከዩቲዩብ አውርደህ እንዳትሄድ። አንዱ ዘፈን በአሥር ሰው ተጭኖ ታገኘዋለህ። አንዱ ከካሴት ቅጂ ቅጂ የወሰደው ነው። ሌላው ከሬዲዮ የቀዳው ነው። ኤፍ ኤም ሬዲዮ ከ15 ኪሎ ኸርዝ በላይ አያስተላልፍም። የቴፑ ፍጥነት ስለሚለያይ ቅኝቱ እንኳ አንድ አይደለም። ስፒከሩን እየፈተንክ ይመስልሃል እንጂ የምትፈትነው የሰውዬውን ቴፕ ነው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ ቡዳ ሙዚክ ለሚባለው አሳታሚ ያዘጋጃቸው የኢትዮፒክስ ሲዲዎች (የኢትዮጵያ ሙዚቃ ስብስብ) አሉ። ከነሱ ገልብጥ።

ዲጄ ፈጣን

ኧረ ባካችሁ! ሰውዬው ስፒከር ልግዛ አለ እንጂ ስቱዲዮ ልክፈት አላለም። የሚወደውን ዘፈን ይክፈት፣ ደስ ካለው ይግዛ። ስንት ሰው ነው ቤቱ ውስጥ ኸርዝ የሚቆጥረው?

ሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ)

ዲጄ፣ ነገሩ እንደዚያ ቢቀልማ ጥሩ ነበር። የምትወደውን ዘፈን ስትሰማ ዘፈኑን ነው የምትሰማው። ስፒከሩን ትረሳዋለህ። ቤትህ ተቀምጠህ ስታዳምጥ እሱ ጥሩ ነው። ሱቅ ውስጥ ግን ገንዘብህን ያስበላሃል።

ሃርማን የሚባለው ኩባንያ ውስጥ እነ ፍሎይድ ቱልና ሾን ኦሊቭ ይህን ለብዙ ዓመታት አጥንተዋል። ስፒከሮቹን ከመጋረጃ ጀርባ አድርገው ሰው እንዲመርጥ ያደርጋሉ። ስፒከሩን እያየ የሚሰማ ሰው ሌላ ፍርድ ይሰጣል። ትልቅነቱ፣ ማርካው፣ ዋጋው ጆሮው ውስጥ ይገባል። ሳያይ የሚሰማው ግን ድምፁን ብቻ ይፈርዳል። ሳሎን ብቻ፣ ያቺ መብራት አንተም ላይ ሥራዋን ትሠራለች። ጓደኛህን ይዘህ ሂድ። ዓይንህን ጨፍን፣ እሱ ይቀያይርልህ። የትኛው እየተጫወተ እንደሆነ አይንገርህ።

በነሱ ጥናት ልዩነትን ጎልጉሎ በማውጣት የሚታወቁት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ ፒንክ ኖይዝ ነው። ሙዚቃ አይደለም፤ ከወፍራም እስከ ቀጭን ሁሉም ድምፅ ያለበት ሽሽታ ነው። ሌላው የትሬሲ ቻፕማን «ፋስት ካር» ነው። የተመረጠው ስለሚያምር አይደለም። ከታች እስከ ላይ ሞልቶ የተቀረጸ ስለሆነ ስፒከሩ የጎደለው ቦታ ቶሎ ይጋለጣል። ካሴት ሰብሳቢ ስለ ቴፕ ሽሽታ ያልከው ከዚሁ ጋር ይሄዳል።

አሁን ከዘፈን ምርጫ የሚበልጠውን ልንገርህ። የሁለቱን ስፒከሮች ድምፅ እኩል አድርግ። አንዱ በ1 ዴሲቤል (የጩኸት መለኪያ) እንኳ ከበለጠ «ጮክ ብሏል» አትልም። «ጠርቷል፣ ሞልቷል» ነው የምትለው። ሻጮች ይህን ከኛ በፊት ያውቃሉ። ስልክህ ላይ የድምፅ መለኪያ አፕ ጫን። ፍጹም ባይሆንም ለማወዳደር ይበቃል። ፒንክ ኖይዝ ክፈት፣ የምትቀመጥበት ቦታ ላይ ለካ፣ ሁለቱንም አንድ ቁጥር ላይ አድርግ። ከዚያ በኋላ ቮሉሙን ማንም አይንካው። ሻጩም ጭምር።

ሳሎን ብቻ

በጣም አመሰግናለሁ። ግን አንድ ነገር ተምታታብኝ። የምወደው ዘፈን ያታልለኛል ካላችሁ፣ የማላውቀውን ልያዝ? ኢንተርኔት ላይ ሁሉም «የምታውቀውን ያዝ» ነው የሚለው።

የሠርግ ሚክሰር

የምታውቀውን ያዝ። ማወቅና መውደድ ግን ይለያያሉ። በደንብ የምታውቀው፣ ግን የማያስለቅስህ ዘፈን ይሻላል።

አንድ ቦታ ላይ ግን የማታውቀው ይጠቅማል። ቃላት ይሰማሉ ወይ የሚለውን ስትፈትን። ግጥሙን በቃልህ የያዝከው ዘፈን በተሰበረ ሬዲዮም ይሰማሃል። ጆሮህ ያመለጠውን ትዝታህ ይሞላዋል። ስለዚህ ሰምተኸው የማታውቅ፣ ቃላቱ የበዙ ዘፈን ክፈት። ፉከራ ወይም ቀረርቶ ቢሆን ይበልጥ አሪፍ ነው። ሳትጨነቅ ስንኙን ከያዝክ ሚዱ ጤነኛ ነው።

በነገራችን ላይ ኤምፒስሪን የሠሩት ሰዎችም በሰው ድምፅ ነው የተፈተኑት። ካርልሃይንዝ ብራንደንቡርግ የሚባለው ጀርመናዊ ማመቂያውን ሲያስተካክል የሱዛን ቬጋን «ቶምስ ዳይነር» ደጋግሞ ይሰማ ነበር። ዘፈኑ ላይ ምንም መሣሪያ የለም። አንዲት ሴት ብቻዋን ትዘፍናለች። ትልቅ ኦርኬስትራ ስህተትን ይደብቃል። ብቻውን የቆመ ድምፅ አይደብቅም።

የደብሩ ልጅ

መዝሙር ትሰማለህ ካልክ እኔም ድርሻዬን ላዋጣ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያሉት ነገሮች ለስፒከር ከባድ ፈተና ናቸው። ለምን ማንም እንደማያነሳቸው ይገርመኛል።

ጸናጽል። የብረት ቅጠሎቹ ሲንሿሹ እያንዳንዱ ተለይቶ መሰማት አለበት። ርካሽ ትዊተር ወደ አንድ «ጭጭጭ» ይለውጠዋል። በደንብ ያልተቀዳ ኤምፒስሪም እንዲሁ ያደርገዋል። ስለዚህ ፋይልህን አረጋግጥ። 128 ኪሎቢት ከሆነ (ፋይሉ በጣም ታምቋል ማለት ነው) ጥፋቱ የስፒከሩ ላይሆን ይችላል። 320 ወይም በቀጥታ ከሲዲ ይሁን።

ከበሮ። ሰፊው ፊቱና ጠባቡ ፊቱ ድምፃቸው የተለያየ ነው። ሁለቱን እጆች መለየት አለብህ። ምቱ ሲጀምር ቆዳው ላይ የሚያርፈው መዳፍ፣ ከዚያ የሆዱ ድምፅ፣ ከዚያ ዝምታ። ቤዝ የሚጎትት ስፒከር ላይ ዝምታው ይጠፋል። አንዱ ምት ሳያልቅ ሌላው ይደረባል።

ጭብጨባና እልልታ። ብዙ ሰው ሲያጨበጭብ ሕዝብ መምሰል አለበት። ዝናብ ከመሰለህ ስፒከሩን ተወው። እልልታ ደግሞ ጮክ ተደርጎ ሲከፈት ነው የሚያስቸግረው። ደካማው ይንጫጫል።

ከሁሉም ግን የእኔ በገና ነው። አሥር ክር አለው። ክሩና ብርኩማው (ክሩ የሚያርፍበት) መካከል እንዝራ የሚባል ትንሽ ቆዳ ይገባል። ያ የሚርገበገበው ድምፅ የሚመጣው ከዚያ ነው። የክሩ ድምፅ ወፍራም ነው፣ ንዝረቱ ግን ወደ ላይ ብዙ ሃርሞኒክ ይጥላል። በአንድ ምት ታችም ላይም ትፈትናለህ። ኢትዮፒክስ ቁጥር 11 ሙሉውን የዓለሙ አጋ በገና ነው። ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ለጆሮ የቀረበ ነው። ጥሩ ስፒከር ላይ ክሩ፣ ንዝረቱና የአባባ ድምፅ ሦስቱም የየራሳቸው ቦታ አላቸው። መጥፎው ላይ ስፒከሩ ራሱ የተቀደደ ይመስልሃል። ሻጩም «ፋይልህ ተበላሽቷል» ይልሃል።

ትዊተር የተቃጠለበት

የመጨረሻዋ እውነት ናት። እኔን «ይሄ ነገር ዲስቶርሽን (የድምፅ መበላሸት) አለው፣ ዝጋው» ብለውኛል። በገና መሆኑን ሳስረዳ ሱቁ ሊዘጋ ደረሰ።

ሃይፋ (እስራኤል)

የፒያኖ ነገር ስላልተነሳ ልጨምር። ፒያኖ ለስፒከር አይመችም። የታችኛው ቁልፍ 27.5 ኸርዝ ነው፣ የላይኛው ደግሞ ከ4,000 ያልፋል። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ታችም ላይም ይነካዋል። ከዚያም በላይ ምቱና ጭራው የተለያየ ነው። መዶሻው ክሩን ይመታል፣ ከዚያ ድምፁ ቀስ እያለ ይሞታል። ስፒከሩ ምቱ ላይ ካተኮረ ፒያኖው መስታወት ይሆናል። ጭራውን ካበዛ ጭቃ ይሆናል።

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ያዝ። እዚህ ኢየሩሳሌም በሚገኘው የኢትዮጵያ ገዳም ብዙ ዘመን ኖረው በ2023 ያረፉት እናታችን ናቸው። ኢትዮፒክስ ቁጥር 21 የሳቸው ብቸኛ ፒያኖ ነው። ቀረጻው የድሮ ነው፣ ሽሽታ አለው። ግን ግራ እጃቸው ሲንከባለል ቀኝ እጃቸው በላዩ ላይ ይዘምራል። ሁለቱን እጆች ከለየህ ስፒከሩ ይረባል። ረዥም የተያዘ ኖታ ላይ ድምፁ ከተርገበገበ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ማጫወቻው ነው። በተለይ ቴፕ ወይም ሸክላ ከሆነ።

ዲጄ ፈጣን

እሺ፣ በበገናና በፒያኖ ገዛው እንበል። ቅዳሜ ማታ ቤተሰብ ሲመጣ ምን ሊከፍት ነው? ዘመናዊ ዘፈን የለም እንዴ በዚህ አገር?

ሲልቨር ስፕሪንግ

አለ፣ ይያዝ። ግን አንድ ብቻ ይበቃዋል፣ እሱም የሚፈትነው ሌላ ነገር ነው። አዲስ ዘፈኖች ማስተር ሲደረጉ (ከመውጣታቸው በፊት የመጨረሻው ማስተካከያ ሲደረግላቸው) ከመጠን በላይ ተጨምቀው ጮክ ይላሉ። ለስለስ ያለውና ጠንካራው ክፍል አንድ ይሆናሉ። ይሄ የኛ ብቻ ችግር አይደለም። በ2008 የወጣው የሜታሊካ «ዴዝ ማግኔቲክ» በዚሁ ተወቅሷል። አድማጮች ጊታር ሂሮ የሚባለው ጌም ውስጥ የገባው ቅጂ ያን ያህል ያልተጨመቀ መሆኑን ሲያገኙ ሲዲውን ትተው እሱን መረጡ።

እንዲህ የተጨመቀ ዘፈን ሁሌም «ሞልቷል»። ስፒከሩ ኃይል አለው የለውም አይነግርህም። ኃይል የሚፈተነው ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ በድንገት በሚፈነዳ ሙዚቃ ነው። ተጨምቆ የወጣውን የያዝከው ቅዳሜ ማታ ቮሉሙ ላይ ወጥቶ ያለ እረፍት ሲጫወት ጆሮ ይደክም እንደሆነ ለማየት ነው። አንድ ሙሉ ዘፈን ስማ። መሃል ላይ «ቀንሱት» ማለት ካማረህ ትሬብሉ በዝቷል።

የእኔ ዋሽንግተን ሰፈር ሰው ኃይሉ መርጊያ በ1985 የሠራው አልበምም አለ። አኮርዲዮን፣ ኪቦርድና የከበሮ ማሽን ብቻ ነው። በካሴት ወጥቶ በ2013 በድጋሚ ታትሟል። አኮርዲዮኑ ሚዱን ሙሉ በሙሉ ይይዘዋል። በአፍንጫው የሚዘፍን ስፒከር ካለ እዚያ ይያዛል።

የሠርግ ሚክሰር

ተመለስኩ። ዲጄ፣ በአንድ ነገር ልክ ነህ። መጨረሻ ላይ ደስ የሚልህን ነው የምትገዛው። ግን መጀመሪያ የተበላሸውን አስወጣ፣ ከቀሩት ደስ ያለህን ውሰድ።

ድንገት ስለሚፈነዳ ሙዚቃ ስለተነሳ፣ «1812» የሚባለውን የቻይኮቭስኪ የኦርኬስትራ ሥራ ቴላርክ የሚባለው አሳታሚ በ1979 ሲያወጣው እውነተኛ መድፍ ቀርጾበት ነበር። ሽፋኑ ላይ ስፒከር ሊጎዳ እንደሚችል ማስጠንቀቂያ ተጽፎበታል። ሱቅ ውስጥ እሱን እንዳትከፍት። ትንሽ አምፕ ከአቅሙ በላይ ሲገፋ ሞገዱን ይቆርጠዋል። ያ የተቆረጠ ሞገድ ላይኛው ክፍል ላይ ብዙ ኃይል ያመጣል። ቀድሞ የሚቃጠለው ትዊተሩ ነው።

ትዊተር የተቃጠለበት

ስሜን አንብቡና እለፉ።

የሠርግ ሚክሰር

ሌላ ሁለት ነገር። ሙዚቃ ሳትከፍት ቮሉሙን ግማሽ ድረስ አውጣና ጆሮህን ትዊተሩ አጠገብ አድርግ። ትንሽ ሽሽታ ይፈቀዳል። «እምምም» የሚል ከሆነ የ50 ኸርዝ የመብራት ድምፅ ነው። ያገለገለ አምፕ ላይ ያጋጥማል። ጮክ ያለ ዘፈን ይሸፍነዋል፣ በገና ግን አይሸፍነውም። ቮሉሙን ሳትመልስ ዘፈን እንዳትከፍት ብቻ።

ሁለተኛ፣ ሞኖ የሆነ (በሁለቱም ስፒከር አንድ ዓይነት ድምፅ የሚወጣበት) ዘፈን ያዝ። በመሃል ተቀምጠህ ስማ። ዘፋኙ ከሁለቱ ስፒከሮች መካከል፣ ምንም ነገር ከሌለበት ቦታ መዝፈን አለበት። ድምፁ ጭንቅላትህ ዙሪያ ከተበተነና ቤዙ ከጠፋ፣ የአንዱ ስፒከር ሽቦ ተገልብጧል። ቀዩና ጥቁሩን አስተካክል። ስንት ሰው ነው ሽቦው ተገልብጦበት «ስፒከሩ አይረባም» ብሎ የሸጠው!

ካሴት ሰብሳቢ

ለዚህ የሙላቱ አስታጥቄን «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ» የሚያህል የለም። ኒው ዮርክ ውስጥ በ1972 የተሠራ ነው። በ2017 በድጋሚ ሲታተም ስቴሪዮውም ሞኖውም ሚክስ አብረው ወጥተዋል። ያው ዘፈን፣ ያው ባንድ። ሞኖው ላይ መሃሉን ታረጋግጣለህ። ስቴሪዮው ላይ ማን የት እንደቆመ ታያለህ። የቫይብራፎኑ (እየተመታ የሚጫወት የብረት መሣሪያ) ድምፅ እንዴት እንደሚሞትም አስተውል። በደንብ የሚሞት ድምፅ የጥሩ ትዊተር ምልክት ነው።

ሳሎን ብቻ

ሄጄ መጣሁ። ከታናሽ ወንድሜ ጋር። እሱ ቀያየረ፣ እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሻጩ መጀመሪያ ሳቀብን፣ በኋላ ግን እሱም ወንበር ስቦ መስማት ጀመረ።

ድምፁን በአፑ እኩል አደረግን። ትልቁ ብዙ ዴሲቤል ቀንሶ ነው ትንሹን የደረሰው። ገና ዝቅ ሲል ያ ግርማው ግማሹ ሄደ። የጂጂ ላይ ትልቁ በትክክል ጋሼ ሚክሰር እንዳሉት ሆነ። ቤዙ ይሄዳል፣ ስፒከሩ ግን አንድ ቦታ ቆሟል። አስቴር ላይ ትንሹ በሰፊው በለጠ። ጸናጽል ላይ ሁለቱም ብዙ አላስደሰቱኝም፣ ትንሹ ግን ቢያንስ ብረት መሆኑን ይናገራል። በገና ላይ ወንድሜ «ይሄኛው ላይ አባባ ክፍሉ ውስጥ ናቸው» አለ። ትንሹ ነበር።

አንድ ነገር ትልቁ በለጠ። ከበሮው ሲመታ ሰውነት ይነካል። ትንሹ ከበሮውን ይነግርሃል እንጂ አይመታህም። የትንሹ አምፕ ደግሞ በጣም ቀጭን «እምም» አለው። በሙዚቃ ጊዜ አይሰማም። ልተወው?

የሠርግ ሚክሰር

መጀመሪያ ምንጩን ለይ። የስልክህን ገመድ ከአምፑ ንቀል። እምምታው ከጠፋ ገመዱ ወይም ቻርጀሩ ነው፣ ስልኩን ቻርጅ ሳታደርግ ሞክር። ካልጠፋ አምፑ ውስጥ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ያረጁ ካፓሲተሮች ናቸው፣ የሚጠግን አይጠፋም። የጥገናውን ያህል ዋጋ አስቀንስና ውሰደው።

ለከበሮው በኋላ ሳብዉፈር (ለቤዝ ብቻ የሚሆን ስፒከር) ትጨምራለህ። አሁን አትቸኩል፣ ቤትህ ራሱ ቤዝ ይጨምራል። ሳሎንህ ስንት ሜትር ነው?

ሳሎን ብቻ

አራት በአምስት ገደማ። ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ባዶ ሲሚንቶ።

የሠርግ ሚክሰር

አራት ሜትሩ ላይ 43 ኸርዝ አካባቢ ያለው ድምፅ ይገንናል። አምስቱ ላይ ደግሞ 34 አካባቢ። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ነው የሚጓዘው። ያንን ለክፍሉ እጥፍ ርዝመት ካካፈልክ የምታገኘው ይሄው ነው። 43 ማለት የቤዝ ጊታሩ የታችኛው ኤፍ ነው። ያ ኖታ ሲመታ ስፒከሩ ቢደክምበት እንኳ ክፍሉ ትንሽ ያግዘዋል። ስለዚህ ጥግ ላይ አታስቀምጠው፣ ከግድግዳው ትንሽ አርቀው። ከዚያ ያንኑ የጂጂ ቤዝ ክፈትና እየተንቀሳቀስክ ስማ። ኖታዎቹ እኩል የሚሰሙበት ቦታ ላይ ሶፋህን አድርግ።

ሴራሚኩና ሲሚንቶው ለትሬብሉ አይመቹም። ምንጣፍ አንጥፍ፣ ወፍራም መጋረጃ ስቀል። አንድ ጊዜ አጨብጭብና ከኋላው «ዝንንን» የሚል ካለ ገና ነው።

ማይክ አንድ

ይቅርታ ዘግይቼ ነው የገባሁት። ይሄ ዝርዝር ለሄድፎንም ይሠራል? ዱባይ ነው ያለሁት፣ የምኖረው ከሰዎች ጋር ስለሆነ ስፒከር አይታሰብም።

ሲልቨር ስፕሪንግ

አብዛኛው ይሠራል። የሰው ድምፁ፣ በገናው፣ ጸናጽሉ ያው ናቸው። የክፍል ጉዳይ አያሳስብሽም (ወይም አያሳስብህም)። ሞኖው ግን ከፊትህ ሳይሆን ጭንቅላትህ ውስጥ ነው የሚቀመጠው፣ እሱ ችግር አይደለም። አንድ ነገር ጨምሪ። ጆሮ ውስጥ የሚገባው ዓይነት ከሆነ መጀመሪያ ጫፉ በደንብ መግጠሙን እዪ። ትንሽ ክፍተት ካለ ቤዙ በሙሉ ያመልጣል፣ የትኛውም ዘፈን ቢከፈት አይመለስም። ከሳጥኑ ውስጥ ያሉትን ጫፎች በየመጠናቸው እየቀየርሽ የጂጂን ስሚ።

ማይክ አንድ

ሴት ነኝ፣ ልክ ነህ። ብሉቱዙስ? ገመድ ያለውን ልግዛ?

ሲልቨር ስፕሪንግ

በገመድም በብሉቱዝም የሚሠራ ካገኘሽ እሱን። ከዚያ የደብሩን ልጅ ጸናጽል በሁለቱም ከፍተሽ አወዳድሪ። ልዩነቱ ካልተሰማሽ በብሉቱዙ ተጠቀሚ፣ ሕይወት ይቀላል።